የቲቸር አማረች መሃይም

ባለፈው ሳምንት ፎርድስበርግ፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ስልክ ፈትቼ ስጎረጉር፣ በሐበሻ ዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ አንድ ማስታወቂያ ገባ። «ትሮይቪል አንድ ክፍል ይከራያል። የቲቸር አማረች ክፍል የነበረው» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ወዲያው አንዱ ከሥሩ «ውይ! ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው «ነፍስ ይማር» አለ። ሦስተኛው የሚያለቅስ ፊት ጨመረበት። ቶኮዛ ሱቅ ያለው አንድ ሰውዬ ደግሞ ለቅሶ ቤቱ የት እንደሆነ ይነገረን፣ ወንበር የሚጭን መኪና አለኝ ብሎ በድምፅ ላከ። እኔ መፍቻዬን ጥዬ «ኧረ ቆዩ» ብዬ መጻፍ ስጀምር፣ ከወደ ዱራሜ ራሷ ሟቿ ብቅ አለች።

«አልሞትኩም» ብላ ጻፈች። «አገሬ ስለገባሁ ነው ክፍሉ የተለቀቀው። ነፍስ ይማር ያላችሁት አሥራ ሦስት ሰዎች ግን አንዳችሁም ሳታጣሩ ከላይ ያለውን ገልብጣችሁ ነው የጻፋችሁት። ይኼ ኩረጃ ነው። ሰርዙ።»

አሥራ ሦስቱም ሰረዙ። ባለ መኪናው እንኳ ድምፁን አጠፋ። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ ደንበኛዬ የስልኩ ነገር አሳስቦት አንገቱን አስግጎ ያየኛል። ስቄ ሳበቃ ግን ከፋኝ። ኤርፖርት ድረስ የሸኘኋት እኔው ነኝ፤ መሄዷን አጥቼው አይደለም። ክፍሏ ለሌላ ሰው እንደሚከራይ በጽሑፍ ሳየው ነው ሆዴ የባባው።

ቲቸር አማረች የዱራሜ ሰው ናት። አገሯ ሳለች አሥራ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለች። ከዚያ ባሏን ተከትላ ደቡብ አፍሪካ ገባች፤ ባሏ ደግሞ ሌላ ሴት ተከትሎ ኬፕታውን ገባ። እሷ ቶኮዛ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍታ አሥራ አንድ ዓመት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና ሻማ ሸጠች። የሰፈሩ ልጆች ቺፕስ ሊገዙ ሲመጡ የቤት ሥራቸውን አብረው ያመጡ ነበር። አንዲት እናት ልጇ ከክፍሉ አንደኛ ስለወጣ ዶሮ ይዛላት መጥታለች። ይህን ስትናገር ዓይኗ ይበራል፤ ስለ ሱቁ ሌላ ነገር ስትጠየቅ ግን ያዛጋታል። በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተመልሳ አስተማሪ መሆን። የአገር ቤት ዲፕሎማዋን ይዛ ያላንኳኳችው በር የለም፤ ሁሉም ወረቀትሽ አይበቃም እያሉ መልሰዋታል።

ኮሮና በገባ ሰሞን ሱቁን ለአክስቷ ልጅ ትታ ትሮይቪል፣ እኔ ያለሁበት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየች። ግቢው የጎጎ ኖምሳ ነው። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው፤ የእኛዋ ጎጎ ግን ከአያትነት ይልቅ ወደ ጄኔራልነት የምታደላ፣ ያለ ማስክ በር የምንወጣውን በመጥረጊያ የምትመልስ ሴትዮ ናት። ቲቸር አማረችን በመጀመሪያው ቀን «እንደምን አደሩ፣ ይግቡ፣ ዕቃዎን ልያዝልዎ» እያልኩ ተሽቀዳድሜ ስቀበላት አስቆመችኝ። ቲቸር ካልከኝ ይበቃል፣ እርስዎን ከደረብክበት አሮጊት እሆናለሁ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ እያልኳት፣ እሷም አንዳንዴ እንደ ታናሽ ወንድም፣ አንዳንዴ እንደ ሰነፍ ተማሪ እያየችኝ ጎረቤት ሆንን።

ሁሉም ነገር ሲዘጋ የእኔም ሱቅ ተዘጋ። መጠጥ ቤቱ ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ሲጋራ እንኳ ተከለከለ። ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ሲሽከረከር፣ ቲቸር አማረች ግን አሮጌ ላፕቶፕዋን ታቅፋ ሥራ አገኘች። ሥራው ፖላንድ ነው። እዚያ ልጆችን ለከፍተኛ የእንግሊዝኛ ፈተና በኢንተርኔት የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ማእከል አለ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዳኑታ የምትባል ሴት ናት። ለተማሪዎቿ የሰዋስውና የቃላት ፈተና የሚያወጣ ሰው ትፈልጋለች፤ ቲቸር አማረች የናሙና ጥያቄ ላከች፣ ተወደደላት። ውሉ እንዲህ ነው፤ ለሙከራ ሦስት ፈተና ታወጣለች፣ ሦስተኛው ዋናው ነው፣ እሱን አይተው ይቀጥሯታል ወይም ይተዋታል።

ፖላንድ የት እንደሆነ በግቢው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። እሷም ልጆቹን ለማወቅ ብላ የጻፏቸውን ድርሰቶች አስልካ አንድ ጠዋት ስታነብ ቆየችና፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ግቢው ሮጣ ወጣች። «ሲሳይ፣ እነዚህ እኮ የዱራሜ ልጆች ናቸው!» አለችኝ። የዱራሜ ተማሪዎቿ የሚረሱትን ጥቃቅን ቃላት እነሱም ይረሳሉ፤ ያገሯ ልጆች የሚሰናከሉበት ድንጋይ ላይ እነሱም ይሰናከላሉ። አሥራ አንድ ዓመት የጠፉባትን ልጆች በረዶ አገር አገኘቻቸው። ደስታዋ ተጋብቶብኝ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ እኔም ጨፈርኩ።

እኔ ወደ ሥራው የገባሁት በማግሥቱ ነው። ማስኳን አጥብቃ በሬን አንኳኳችና እንግሊዝኛ ትችላለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ አሥር ዓመት ጆበርግ ኖሬአለሁ፣ ምን ማለትሽ ነው አልኳት። እውነቱን ለመናገር የእኔ እንግሊዝኛ ስክሪን፣ ባተሪ እና ካም ቱሞሮ ነበር። አሥር ጥያቄ ሰጠችኝ፤ እያንዳንዱ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ምርጫ አለው። ሞልቼ መለስኩላት። ሰባቱን አግኝቻለሁ። እሷ ፊቷ ጠቆረ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብባ ይህ ቃል ምን ማለት ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሁለተኛው? እሱንም አላውቅም። ታዲያ መልሱን እንዴት አገኘኸው ስትለኝ፣ «ረጅሙ እሱ ነዋ» አልኳት። ፈተና የሚያወጣ ሰው እንዳይሳሳት ስለሚፈራ፣ ትክክለኛው መልስ ላይ ቃል ይጨምራል፤ ይህን ትምህርት ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሁለት ምርጫ ከተመሳሰለ ሁለቱም ውድቅ ነው። አንዱ ደግሞ ሁሌ ለቀልድ የገባ ነው፣ እሱን መተው ነው። ምንም ከጠፋህ ሲን አጥቁር። እኔ ይህን ሁሉ ስዘረዝር እሷ መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ትወለውላለች። ነገር ሲገርማት እንዲህ ታደርጋለች፤ መነጽሩ የቆሸሸበትን ቀን አላስታውስም።

«አንተ ምንም አታውቅም» አለችኝ በመጨረሻ። «ወርቅ ነህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ጥያቄ እኔን ሳያልፍ ፖላንድ አልሄደም። እኔ ከሳትኩት ጥያቄው ደህና ነው፤ ይላካል። ካገኘሁት እንዴት እንዳገኘሁት ታናዝዘኝና ትቀደዋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። «ያላወቀ የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ፣ ያወቀው ምን አደከመው?» ትል ነበር። ለወይዘሮ ዳኑታም አንድ ቃል የማያውቅ፣ ግን ፈተና የሚያልፍ ሰው አለኝ ብላ ጽፋላታለች። ግቢው ውስጥ «መሃይሜ የት አለ?» እያለች ትጣራለች። መጀመሪያ ኩራቴ ተነክቶ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ከሻወር ቤት ሆኜ «አቤት!» ማለት ለመድኩ። በሕይወቴ ባለማወቄ ተፈልጌ አላውቅም። አዲስ አበባ ሳለሁ መምህራኖቼ ለዚሁ ችሎታዬ ያንበረክኩኝ ነበር።

ኩረጃ ላይ የነበራት ጥላቻ የሚገርም ነው። ዱራሜ ሳለች ብሔራዊ ፈተና ላይ የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ጫማው ውስጥ አጤሬራ ደብቆ አገኘችውና አስወጣችው። አባትየው ቤቷ ድረስ መጥቶ ልጄን አዋረድሽው ሲላት፣ ልጅዎን አይደለም ጫማውን ነው ያስወጣሁት፣ ጫማው ደግሞ አልተመዘገበም አለችው። ሰውየው ሳቀ ወይስ ተቆጣ ብዬ ብጠይቃት፣ ወረዳው ውስጥ የሚርቅ ትምህርት ቤት ተፈልጎ ተዛወርኩ አለችኝ። ተጸጽታ እንዳይመስላችሁ። በእግር ሁለት ሰዓት የሚወስድ ትምህርት ቤት ነበር፤ እዚያም ጫማ ስታስፈትሽ ኖረች።

የመጀመሪያው ፈተና ተላከ፣ ተወደደ። ሁለተኛውም ተወደደ። ወይዘሮ ዳኑታ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ፈተና አይቼ አላውቅም ብላ ጻፈች። ቲቸር አማረች ደብዳቤውን በቃሏ ይዛ ልብስ ስታጥብ ሳይቀር ትደግመው ነበር። ሦስተኛው፣ ዋናው፣ ስልሳ ጥያቄ ነው። እሱን ጀምራ ሳለች ኮሮና ያዛት።

ጎጎ ኖምሳ ክፍሏን ዘጋች፣ ምግብ በር ላይ ይቀመጥ አለች። ቲቸር አማረች ግን ሥራውን አልዘጋችም። ጥያቄዎቹን በበሩ ሥር ታሾልክልኛለች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀምጬ እሞላና በበሩ ሥር እመልሳለሁ። ከውስጥ ሳሏ ይሰማል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ጴንጤ ናት፤ ቢጨንቀኝ ከደብራችን የያዝኩትን ጠበል በጠርሙስ በሩ ላይ አስቀመጥኩላት። በማግሥቱ ስለ አሰብከኝ ተባረክ፣ ጠበሉን ግን ለአበባዬ አጠጣሁት፣ አበባው ድኗል አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም በበሩ ግራና ቀኝ ሆነን ስንስቅ እሷን ሳል አፈናት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ባሰ። እኔ አንድ መልስ ባገኘሁ ቁጥር አልጋው ሲጮኽ እሰማለሁ፤ ተነሥታ ጥያቄውን እንደገና ልትጽፍ ነው። ወንበሩ ይጎተታል፣ ትስላለች፣ ትጽፋለች፣ ትስላለች። ማስረከቢያው ቀን ደግሞ ነገ ነው። አንጀቴን በላችው። ስለዚህ በበሩ ሥር የመጡትን ስልሳ ጥያቄዎች እንደ ልማዴ አሸተትኳቸውና፣ መልሱ ያለበትን ሳውቀው አጠገቡ ያለውን አጠቆርኩ። ረጅሙን አይቼ አጭሩን ሞላሁ። ለቀልድ የገባውን ሁሉ መረጥኩ።

ወረቀቱን መለስኩና ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የተዘጋ ድምፅ መጣ፤ «ሁለት! ከስልሳ ሁለት! ጌታ ይባረክ!» በዚያ በተበላሸ ጉሮሮዋ መዝሙር ጀመረች። እኔም ከበሩ ውጪ ሆኜ አጨበጨብኩላት፤ ያን ዕለት የኮራሁትን ያህል በራሴ ኮርቼ አላውቅም። ፈተናው በማግሥቱ ተላከ፣ እሷም በሳምንቱ ተሽሏት ወጣች።

ልጆቹ ከተፈተኑ በኋላ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። ከአርባ ተማሪ ሠላሳ ስምንቱ ከአምሳ አምስት በላይ አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ውጤት በማእከሉ ታይቶ አያውቅም። ፈተናው በእርስዎና በእኔ እጅ ብቻ ነው የነበረው፣ ነገ በቪዲዮ እንነጋገር ይላል። ቲቸር አማረች ደብዳቤውን ተርጉማ ነገረችኝና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የተጠረጠረችው በምንድነው? ፈተና አሾልካ በመስጠት! ጫማ ስታስፈትሽ የኖረች ሴት። እኔ በስድብ የፖላንድን ምድር አዳረስኩ፤ እሷ ግን ወደ ክፍሏ ገባች፣ ያን እኔ የሞላሁትን ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

«ሲሳይ» አለችኝ። መሃይሜ አላለችም። «ዓይንህን ጨፍነህ ብትሞላ ከስልሳ ስንት ታገኛለህ?»

እንጃ አልኳት።

«አሥራ አምስት። ምርጫው አራት ነው። ዶሮ ብትጭርበት አሥራ አምስት ታገኛለች። ሁለት የሚያገኝ ሰው መልሱ የት እንዳለ ያወቀ ሰው ብቻ ነው።» ወረቀቱን አጥፋ ያዘች። «ትኩሳት ላይ ሆኜ አላየሁትም። አዝነህልኝ ነው?»

«አዎ» አልኳት። ብትጮኽብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ በጎጎ መጥረጊያ ብትለኝ በወደድኩ። በሯን ቀስ ብላ ዘጋች። ያን ቀን ምግብ አልበላሁም። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችውን ነገር በደግነቴ ገደልኩባት፤ ክፋት ቢሆን እንኳ ይቅርታ የምጠይቅበትን አውቅ ነበር።

በማግሥቱ ጢሜን ተላጭቼ፣ ኮት ለብሼ፣ ማንም ሳይጠራኝ እሷ ላፕቶፑን ከፍታ በተቀመጠችበት ወጥ ቤት ጥግ ላይ ቆምኩ። ወይዘሮ ዳኑታ አጭር ሽበታም ፀጉር ያላት፣ ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ ድመት የተጋደመላት ሴትዮ ናት። የተናገረችው ያኔ አልገባኝም፤ ቲቸር አማረች በኋላ ነው የነገረችኝ። ሳስብ አድሬ እርስዎ ታማኝ ሰው እንደሆኑ አምኛለሁ፣ ስለዚህ ልጆቹ ናቸው ከኮምፒውተራችን የሰረቁት አለቻት። ዛሬ ጠዋት እንደተጠረጠሩ ነግሬአቸዋለሁ፣ ለወላጆቻቸውም እጽፋለሁ፤ እርስዎ አንድ ሌላ ፈተና ያውጡልንና ሥራው የእርስዎ ነው። እኔ ያየሁት የቲቸር አማረችን ፊት ብቻ ነው። ለአንድ አፍታ እንደ ሙሽራ በራ፤ ከዚያ ደበዘዘ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

«ልጆቹ አልሰረቁም» አለች። ይህን እንኳ ገባኝ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው።

ታሪኩን ሁሉ ነገረቻት፤ ትኩሳቱን፣ በሩን፣ ሁለቱን ከስልሳ። ወይዘሮ ዳኑታ በጥርጣሬ አየችኝና ከዚያው ፈተና አንድ ጥያቄ አውጥታ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። አላውቅም። መልሱስ? ቢ። ለምን? ረጅም ስለሆነ። ሴትዮዋ ዓይኗን አጠበበች። ይህን ፈተና አይቶታል፣ ማስረጃ አይሆንም አለችና ከመሳቢያዋ ሌላ የቆየ ፈተና አወጣች፤ አሥራ ሁለት ጥያቄ። አንድ በአንድ እያሳየችኝ መለስኩ፣ ምክንያቴን ቲቸር አማረች ትተረጉማለች። ኤና ዲ መንታ ናቸው፣ ሲ ቀልድ ነው፣ ስለዚህ ቢ። ይኼኛው ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ይደግማል። እዚህ ምንም አልመጣልኝም፣ ሲ ይሁን። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙን አገኘሁ።

ወይዘሮ ዳኑታ ዘጠኙን ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ይህን ፈተና ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ አለችና በሳቅ ፈነዳች። ሳቋ ድመቷን ከመደርደሪያው አዘለላት። ቲቸር አማረችም ሳቀች፣ እኔም ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ሳቅኩ፣ ጎጎ ኖምሳ በመስኮት «ሃይቦ፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። ለካ የፖላንድ ልጅም እንደኛው ረጅሙን እየመረጠ ነው የሚያልፈው።

ሳቁ ካበቃ በኋላ ግን እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። እንግዲያው ልጆቹ ንጹሐን ናቸው፣ ፈተናው ግን ወድቋል አለች ወይዘሮ ዳኑታ፤ ሦስተኛው እንደሚወስን ተነጋግረናል፣ ሥራውን ልሰጥዎ አልችልም። ቲቸር አማረች አውቃለሁ አለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ ሰርቀዋል የተባሉትን ልጆች ራሴ ልንገራቸው አለች። ለነገ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ተስማሙ። እኔን አሁንም አላናገረችኝም።

ከሰዓት አሥር ሰዓት ግን በእኛ ሰፈር የሎድ ሼዲንግ፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት፣ ተራ ነበር። መብራት ሄደ፣ ዋይፋይ ሄደ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ አሥር ደቂቃ አይቆይም። እኔ መናገር ባልችልም መጠገን እችላለሁ። ስልኬን ግቢው ውስጥ ባለው የልብስ ማስጫ ምሰሶ ላይ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩላት፣ ዳታ ሞላሁበት፣ ከፊቱ አቆምኳት። ከኋላዋ የጎጎ ነጭ ግድግዳ አለ። ስልኩ ላይ አርባ ትናንሽ ፊቶች ተደረደሩ፤ ያኮረፉ፣ ክንዳቸውን ያጣጠፉ፣ ማንንም ማየት የማይፈልጉ ልጆች።

ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ አለቻቸው። እናንተ አልሰረቃችሁም፤ እኔ ነኝ በር ከፍቼ የተውኩላችሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለች። ውጤቱ ግን ይሰረዛል ስትል ሁሉም አጉረመረሙ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ጥያቄው ራሱ መልሱን ከነገረን ዓይናችንን መጨፈን ነበረብን ወይ ብላ ጠየቀቻት። ቲቸር አማረች መነጽሯን አወለቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው አለችና የምትጽፍበት ነገር ፈልጋ ዞር ዞር አለች፤ ምንም የለም። ከምድጃው ከሰል አነሣችና በጎጎ ኖምሳ ነጭ ግድግዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎጎ በር ላይ ነበረች፤ ግድግዳው ባለፈው ገና ነው የተቀባው። አንድ ጊዜ ግድግዳውን፣ አንድ ጊዜ ሴትዮዋን አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣችና ከግድግዳው ጎን ቆማ፣ ቲቸር አማረች ጽፋ በጨረሰች ቁጥር ትጠርግላት ጀመር። ቲቸር አማረች ከሰሉን እያወዛወዘች ወዲያና ወዲህ ትራመዳለች፣ አንዱን ታስነሣለች፣ አንዷ ላይ ታሾፋለች። እኔ እንዲህ ያለች ሴት ግቢያችን ውስጥ መኖሯን አላውቅም ነበር። ያኮረፉት ልጆች መጀመሪያ ክንዳቸውን ፈቱ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ ቀጥለው እጅ በእጅ ላይ ማውጣት ጀመሩ። ለአሥር ደቂቃ የታሰበው ንግግር መብራት እስኪመጣ ድረስ ቀጠለ።

ወይዘሮ ዳኑታ ምስሏን አጥፍታ ስታዳምጥ ቆይታለች። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ብቅ ብላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማክሰኞ በዚሁ ሰዓት ይመችዎታል? ፈተና የሚያወጣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ እርስዎ ግን ያስተምሩልኝ። ቲቸር አማረች ይመቸኛል አለች። ስልኩ ሲዘጋ በከሰል እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ስትገልጠው በከሰል ተዥጎርጉሯል። ጎጎ ኖምሳ በያዘችው ጨርቅ ፊቷን ጠረገችላት። ከዚያ ቲቸር አማረች ወደ እኔ መጣች።

«ሲሳይ» አለችኝ፤ «ሳሳዝንህ ንገረኝ፣ ሻይ አፍላልኝ፣ ከፈለግክ ጠበልህንም አምጣ። ፈተና ላይ ግን ሁለተኛ እንዳታዝንልኝ።»

ማልኩላት። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ልጆቹን በየሳምንቱ አስተማረቻቸው። ለራሷ ተማሪዎች የምታዘጋጃቸውን አጫጭር ፈተናዎች ሁሉ እኔ ላይ ትሞክር ነበር፤ እኔም መሐላዬን ጠብቄ አንዲት ጥያቄ አልማርኳትም። ሱቄ ከተከፈተ በኋላ እንኳ ከሥራ መልስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ወረቀት ትዘረጋልኛለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት አሥር ጥያቄ ሰጠችኝ። አንደኛው ላይ በጣም ተማምናበታለች፤ ሦስት ቀን ለፍታበታለች። አገኘሁት። ተናዳ እስክሪብቶዋን አነሣችና ምርመራዋን ጀመረች።

«ረጅሙ ስለሆነ ነው?»

«አይ፣ ይኼ አጭሩ ነው።»

«ሁለቱ ተመሳስለውብህ ነው?»

«አይመሳሰሉም።»

«ታዲያ እንዴት አወቅከው?»

ጥያቄውን መልሼ አነበብኩት። «ሌሎቹማ ልክ አይደሉም» አልኳት። «እዚህ ቦታ ላይ እንደዚያ አይባልም።»

መነጽሯን አላወለቀችም። ሌላ ጥያቄ ሰጠችኝ፣ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሌላ ሰጠችኝ። አሥሩንም ጨረስን። ከዚያ ተነሣችና እጇን ዘረጋችልኝ፤ ከተዋወቅን ጀምሮ ስንጨባበጥ የመጀመሪያችን ነው።

«ሲሳይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተሃል» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«አወቅክ» አለችኝ፤ እጄን ሳትለቅ።